አክስቴ ክንድ ላይ የተለጠፈችው ቁልፍ፦ የአንዲት «የተበላሸች» ስኳር መለኪያ ጉዳይ

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ 2 ቀን ማታ፣ በአክስቴ ግራ ክንድ ላይ ከኋላ በኩል አንዲት ክብ ነገር ለጠፍኩ። ስፋቷ ከካፖርት ቁልፍ ብዙም ስለማይበልጥ አክስቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ቁልፌ» አሏት። ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው በመንገደኛ የላከችው ሴንሰር ናት። ለ14 ቀን ሳትነቀል፣ ቀንም ሌሊትም ስኳር ትለካለች፤ የለካችውን ወደ ስልክ ትልካለች፤ ልጅቱም በኢንተርኔት አማካይነት ባሕር ማዶ ሆና የእናቷን ስኳር ታያለች። በስድስት ቀን ውስጥ ይህች ቁልፍ ቤተሰቡን አጨቃጨቀች፣ ራሷም ያለ ጥፋቷ ቆሻሻ ውስጥ ተጣለች፣ አክስቴም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ሊስቱ ጥቂት ቀራቸው።

እኔ የላቦራቶሪ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ሙያዬን የምጠቅሰው ልመካበት ፈልጌ አይደለም፤ ከሁሉ ቀድሞ መጠርጠር የነበረበትን ነገር በመጨረሻ የጠረጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

አክስቴ 66 ዓመታቸው ነው። ዓይነት 2 የሚባለው የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው 14 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጠዋትና ማታ ቅልቅል ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የንስሐ አባታቸው «በሽተኛ ነዎት፣ አይገደዱም» ቢሏቸውም እሳቸው ከራሳቸው ጋር ተደራድረው፣ ጠዋት ትንሽ ቀምሰው መድኃኒታቸውን ከወሰዱ በኋላ እስከ ቅዳሴ መውጫ ይጾሙ ነበር። ይህን ድርድር ለሐኪማቸውም ለእኔም አልነገሩንም።

በመጀመሪያው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8፡40 ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ 48 ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ይባላል፤ ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ ለቀልድ አይሆንም። አክስቴ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል አልሰሙም። የሰማችው ልጃቸው ናት፤ እዚያ ገና ምሽት ነበርና። ደወለች። «እማዬ፣ ተነሺ! ስኳርሽ ወርዷል፣ ቶሎ ብለሽ ማር ላሺ!» አክስቴ በድንጋጤ ከማሰሮው በጣታቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ማር ዝቀው ላሱ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ወጉና በተለመደው መለኪያ ለኩ። 268።

በሁለተኛው ሌሊት ሴንሰሯ 53 አለች፣ ጣት 241። በሦስተኛው 46 እና 255። ሦስቱም ከሌሊቱ 7፡30 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ የሰዓት ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። አክስቴ በማስታወሻ ደብተራቸው የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ልጃቸው የምትነግረኝ በሜሪላንድ ሰዓት ነው። በክረምት እነሱ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ስለሆኑ፣ የእኛ ከሌሊቱ 8፡40 ለእሷ ከምሽቱ 7፡40 ነው። እሷ «በ7፡40 ስኳሯ 48 ነበር» አለችኝ፤ የአክስቴ ደብተር ደግሞ «8፡55፣ 268» ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ተቀራርበው ሲመጡ ማን ይጠረጥራል? በመካከላቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ያለ መሰለኝና «ማሩ ነው ከፍ ያደረገው» ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ነገሩ ሲገባኝ በሁለቱ ልኬቶች መካከል የነበረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ48 ወደ 268 የሚያወጣ ማር በአገራችን ገና አልተቆረጠም። ስለዚህ ከአንዱ ስሕተት ዘልዬ ሌላው ውስጥ ገባሁ፤ «ሴንሰሯ ተበላሽታለች» ብዬ ፈረድኩ።

ፍርዱ ምክንያት አላጣም። ሻንጣው በነሐሴ በባሕረ ሰላጤው በኩል አልፏል፤ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካት ተጽፏል። መለኪያውንም አልማርኩትም፤ ደሙን የሚጠጣውን ቀጭን ቁራጭ፣ ስትሪፑን፣ አንስቼ የማብቂያ ቀኑን አየሁ፣ በመቆጣጠሪያ ፈሳሹ ፈተንኩት፣ በትክክል አለፈ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ እንኳ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የአየሩ መሳሳት አንዳንድ ስትሪፖችን ያሳስታል። የእኛው መመሪያ ግን እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። መለኪያው ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ጥፋተኛዋ ሴንሰሯ ናት አልኩ። መሣሪያው ንጹሕ ሆኖ የሚለካው ጣት ንጹሕ ላይሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

ነሐሴ 5 ቀን ነቀልኳት። ከቆዳ በታች የምትገባውን ቀጭን ክሯን ብርሃን ላይ አየኋት፤ አልታጠፈችም፣ ደምም አልያዘችም። ይህ ብቻውን ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። ጣልኳት፤ 11 ቀን ያህል ዕድሜ ቀርቷት ነበር፤ ዋጋዋን ደግሞ የላከችው ልጅ ታውቃለች። ከዚያው ሳጥን ሁለተኛዋን አውጥቼ እዚያው ግራ ክንድ ላይ፣ ከድሮው ቦታ ሁለት ጣት ፈቀቅ አድርጌ ለጠፍኩ። ቀኙን ክንድ አክስቴ አልሰጡም፤ «በሱ ነው የምሠራው» ብለው።

በዚያው ሌሊት፣ 8 ሰዓት ከ5 ላይ፣ 51።

በሙያችን ሕፃን ጠጋኝ እንኳ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ዕቃውን ቀይረህ ብልሽቱ ካልተቀየረ ብልሽቱ ዕቃው ውስጥ አይደለም። አወቅሁት፤ ግን «አንድ ሳጥን፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሙቀት» የምትል ምቹ ሰበብ ነበረችኝ፣ በእሷ ተሸሸግኩ። አክስቴ ግን መሸሸጊያ አላስፈለጋቸውም። «ሁለተኛዋም ሰካራም ናት» አሉና ስልኩን ወስደው ሳሎን ቡፌ ውስጥ ቆለፉበት። ነሐሴ 6 ለ7 አጥቢያ በሰላም ተኙ። ማንም አልደወለም፣ ማርም አልተላሰም።

ነሐሴ 7 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይወላከፋል። ጎረቤታችን ደርሳ ጣታቸውን ወጋች፤ 52። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። በ15 ደቂቃ 68 ሆነ፣ ደገመቻቸው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 97። እኔን ለመጥራት ስልኩን ከቡፌ ስታወጣ ሴንሰሯ ከስልኩ ጋር ተገናኘችና አንድ ቁጥር ብቅ አለ፤ 71፣ ወደ ታች ከሚያመለክት ቀስት ጋር። ጎረቤታችን ሳቀችባት። ጣት 52 ባለበት ሰዓት 71 የምትል መሣሪያ! እኛም ተስማማን፤ ሌሊት ያለ ምክንያት ትጮኻለች፣ ቀን የምር ሲወርድ ትተኛለች።

ማታ ስልኩን ይዤ ስቀመጥ ግን ያላሰብኩትን አየሁ። ሴንሰሯ ስልክ ባታገኝም ልኬቱን በሆዷ ይዛ ትቆያለች፤ ስትገናኝ ታወርደዋለች። የቀኑን መስመር ተመለከትኩ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ሳይቋረጥ ቁልቁል ወርዷል። ስልኩ ከአክስቴ ጋር ቢሆን ኖሮ፣ ላቡ ከመምጣቱ ከ40 ደቂቃ በፊት የመውረዱን ምልክት ያዩት ነበር።

በ71 እና በ52 መካከል ያለው ልዩነትም ውሸት አልነበረም። ሴንሰሯ ደም አትለካም። ከሥሯ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም ቀጭን ክር ከቆዳ በታች ገብታ፣ በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ትነካለች። ክሯ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ኢንዛይሙ ግሉኮሱን ሲለውጠው ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፣ ፍሰቱም ወደ ቁጥር ይተረጎማል። ሌላንድ ክላርክና ባልደረባው ሊዮንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ መሣሪያው አነሰ እንጂ መሠረቱ ያው ነው። ያ ፈሳሽ ስኳሩን የሚያገኘው ከደም ስለሆነ ከደም 5፣ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደኋላ ይቀራል። ስኳር በደቂቃ በ2 እየወረደ ከሆነ የ10 ደቂቃ መዘግየት 20 ቁጥር ማለት ነው። የአክስቴ ልዩነት 19 ነበር። ቀስቱ የተሳለው ለዚህ ነው፤ እኛ ቁጥሩን አንብበን ቀስቱን ዘለልነው።

ከዚያ ያለፈውን ሌሊት፣ ነሐሴ 6 ለ7ን፣ ከፈትኩ። መስመሩ እንደ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው። ጉድጓድ የለበትም። አራት ሌሊት በተከታታይ የወደቀ ስኳር፣ ስልኩ ቡፌ ውስጥ በተቆለፈበት ሌሊት ብቻ አልወደቀም።

ይህን ሳየው እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የሞኝ ነበር፤ «ስልኩ ነው ስኳሩን የሚያወርደው?» አልኩ። ሞኝነቱ ግን ወደ መልሱ አስጠጋኝ። ስልኩ ከአልጋው አጠገብ ሲኖርና ሳይኖር የሚለወጠው ምንድን ነው? መልሱን ለማየት እዚያው አደርኩ። ስልኩን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ከአልጋው በስተ ግራ፣ ሶኬቱ ባለበት በኩል፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ።

8፡20 ላይ ጮኸ። 51። ባትሪ ይዤ ገባሁና «እትዬ፣ አይነሡ፣ አይንቀሳቀሱ» አልኩ። አክስቴ በግራ ጎናቸው ተኝተዋል፤ ፊታቸው ወደ ስልኩ፣ ግራ ክንዳቸው ከትራሱና ከደረታቸው ሥር። ቁልፏ ሙሉ የሰውነታቸውን ክብደት ተሸክማለች። ቀኝ እጃቸውን እዚያው እንደተኙ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩላቸው፣ አደረቅኩት፣ ወጋሁ። 127። ማር ይላሱ ዘንድ እጃቸውን ሲዘረጉ «ዛሬ የለም» አልኳቸው። በቀኝ ጎናቸው አዞርኳቸውና ጠበቅን። ምንም ሳይቀመስ ሴንሰሯ በ15ኛው ደቂቃ 98፣ በ25ኛው ደቂቃ 122 አለች።

«ለምን በግራዎ ይተኛሉ?» አልኳቸው።

«ይህ ስልክ ሲጮኽ እንድሰማ ነዋ፤ ልጅቷ አደራ ብላኛለች። የሚሰማኝ ጆሮ ቀኙ ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። በቀኝ ጎን ሲተኙ ደህናው ጆሮ ትራስ ውስጥ ይገባል፤ በግራ ሲተኙ ደህናው ጆሮ ክፍት ይሆናል፣ ፊታቸውም ወደ ስልኩ ይዞራል። ማንቂያውን ለመስማት ሲሉ ማንቂያውን በሚያስጮኸው ጎን ይተኛሉ። ክንድ ሲጫን በዚያች ቦታ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨቆናሉ፣ አዲስ ስኳር ወደ ፈሳሹ አይደርስም፤ በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ግን ያለውን መጠቀማቸውን አያቆሙም። ክሯ ያገኘችውን ለካች፤ እሷ ባለችበት አንድ ስንዝር ሥጋ ውስጥ ስኳሩ እውነትም 51 ነበር። መስመሩ ራሱ ይህን ሲናገር ነበር፤ በ12 ደቂቃ ከ128 ወደ 51 መውደቅ በደቂቃ ከ6 በላይ ነው። የሰው ደም በተኛበት እንዲህ አይወርድም። ከቀኑ መስመር ጋር ጎን ለጎን ሲታይ አንደኛው ቁልቁለት ነው፣ ሌላኛው ገደል።

ያም ሆኖ 268 አልተፈታም። በማግስቱ ጠዋት ምርመራዬን ቀጠልኩ። አክስቴ እጃቸውን ታጥበው ለኩ፤ 152። ከዚያ ጣታቸውን ስኳር ዕቃ ውስጥ አስነከርኩ፣ በነጠላ ጠረግን፣ ለካን፤ 149። ምንም! ትንሽ አፈርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የገበታ ስኳር ሱክሮስ ነው፣ ስትሪፑ የሚያውቀው ደግሞ ግሉኮስን ብቻ ነው። ማሩን አመጣሁ፤ ከማር ክብደት ሲሶው ያህል ንጹሕ ግሉኮስ ነው። ያንኑ ጣት ማር አስነክተን በነጠላ ጠረግን፤ 289። በሳሙና ታጥበን፤ 150።

እንዲህ የሆነው ስትሪፑ የሚጠጣው ደም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ከ1 ማይክሮ ሊትር ያንሳል፣ ማለትም የአንድ ጠብታ ሃምሳኛ አይሞላም። በዚያ ውስጥ ያለው ግሉኮስ የማይክሮ ግራም ጉዳይ ነው። ዓይን የማያየው የማር ቅሪት እጥፍ ያደርገዋል። የተላጠ ብርቱካንም ሆነ ሙዝ እንዲሁ ያደርጋል።

ሁለቱን ውሸቶች አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው የነሐሴ 7 ነገር ተከተላቸው። ሴንሰሯ በሐሰት ወረደ አለች፤ አክስቴ በእውነት ማር ላሱ፤ ስለዚህ ጠዋት ስኳራቸው በእውነት 190ና 210 እየሆነ አደረ። ያንን ሲያዩ ማንንም ሳይጠይቁ የጠዋቱን ኢንሱሊን በ4 ዩኒት አሳደጉ። በመጨረሻው ሌሊት ማር አልነበረም፤ 4ቱ ዩኒት ግን ነበር፣ ጾሙም ነበር። የ52 አባቱ ያ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ጽፌ ለሐኪማቸው ወሰድኩ። ሐኪሙ መጠኑን ወደ ቀድሞው መለሱ፣ ከምሳ በፊት ያለ ምግብ መቆየትን ከለከሉ፤ የንስሐ አባቱም «እኔ የተናገርኩትን ነው የሚናገሩት» ብለው አገዟቸው።

የቀረው ጥገና የአናጺ ሥራ ሆነ። አልጋውን አዞርኩት፤ ስልኩና ሶኬቱ በስተ ቀኝ ሆኑ፣ የማንቂያው ድምፅ ደግሞ በትንሽ ድምፅ ማጉያ እንዲወጣ አደረግኩ፤ ስለዚህ በቀኝ ጎን ተኝተውም ይሰማሉ። ከጀርባቸው በግራ በኩል ረጅም ትራስ ይቀመጣል። ከሳሙና ውጪ የተለካ የጣት ቁጥር በደብተር እንዳይጻፍ ተስማማን። ለልጃቸውም አንድ ነገር ነገርኳት፤ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «ማር ላሺ» ሳይሆን «በየትኛው ጎንሽ ነሽ? ተቀመጪና እጅሽን ታጥበሽ ለኪ» እንዲሆን፤ እናቷ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ካልጠራ ግን መለኪያ ሳይጠበቅ ጣፋጩ ይቅደም። ከሻንጣው ጋር የመጣ ባለ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲም አግኝቼ አስቆምኩ፤ የሴንሰሯ መመሪያ በቀን ከ500 በላይ ከተወሰደ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ይናገራል፣ መውረድን የሚደብቅ ስሕተት ደግሞ ከሚያጋንነው ይልቅ ያስፈራኛል። በእኛ ቤት ግን ከተወ በኋላም ቁጥሩ ብዙም አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ሌሊቶች አንድም ጊዜ አልጮኸም። ሴንሰሯና የታጠበ ጣት በቀን ሦስት ጊዜ ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እጅ 15 አይሞላም ነበር። አክስቴ 148 እና 160 ሲያዩ መጨቃጨቅ ትተው ነበር፤ «ሁለት ሚዛን አንድ ኪሎ በርበሬ መዝኖ ተስማምቶ ያውቃል?» ይሉ ነበር።

ነሐሴ 17 ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። በዋዜማው ጠበል ተጠምቀዋል።

«ቁልፏ 212 ትላለች፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 63፣ እንደገና 190፣ ከዚያ ዝም። እጄን በሳሙና ታጥቤ ሁለት ጊዜ ወጋሁ፤ 124ና 121። አልተኛሁባትም፤ ተቀምጬ ነው። ስልኩም እቅፌ ውስጥ ነው። ልጄ፣ ይቺስ ራሷ ናት የታመመችው።»

ሄጄ አየኋት። መመሪያው አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ትችላለች ይላል፤ ከላይ የሚወርድ የጠበል ግፊትና በፎጣ መታሸት ግን ሌላ ነው። ማጣበቂያዋ በግማሽ ተላቅቋል፣ ክሯ እኩሌታዋ ከቆዳ ወጥታ ታጥፋለች። በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የገጠመን እውነተኛ የሴንሰር ብልሽት ይህ ብቻ ነበር፤ ያወቁትም እሳቸው ናቸው።

ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ያቺን የመጀመሪያዋን ግን» አሉኝ፣ «በግፍ ነው የጣልካት።»